የሁለት በረንዳዎች ጉዳይ

የሰው ልጅ ተደራጅቶ ካቋቋማቸው ተቋማት ሁሉ የከተማችንን «የተከበረ ማኅበር» የሚያህል የለም ብዬ ስናገር የወንዜ ልጅነት አሳውሮኝ አይደለም። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ባንኮች ከስረዋል፣ ከባሕሩ ዳር ወደ እኛ ተራራ የሚወጣው መንገድም እኔ ሳልወለድ ተጀምሮ ዛሬም «በቅርቡ ይመረቃል»። ማኅበሩ ግን ያለ ጽሕፈት ቤት፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከአያት ለልጅ ልጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ አባላቱ በየችሎቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደሚያረጋግጡት፣ ማኅበሩ የሚባል ነገር የለም። ያሉት ተቋማት ምንም በማይሠሩበት ዘመን የሌለው ተቋም ይህን ያህል መሥራቱ ሊመሰገን ይገባል።

እኔ ኒኮዴሞ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። በማኅበሩ ውስጥ ማዕረግ የለኝም። ነገር ግን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ «የደረቁ ወንዝ እመቤታችን» የምንላት የእንጨት ሐውልት በደቡብ ኢጣሊያዋ ካላብሪያ ባሉ ከተሞች ሁሉ እንደሚደረገው ከተማችንን ስትዞር፣ የተሸካሚዎቹ አለቃ እኔ ነኝ። ደወሏን አንዴ ስመታ ይሄዳሉ፤ ደግሜ ስመታ ይቆማሉ። ሐውልቷ የት ጋ እንደምትቆም ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። በሽተኛ ካለበት ደጅ ትቆማለች፤ ሐዘን ከገባበት ደጅ ትቆማለች። ከዶን ካታልዶ በረንዳ ሥር ስትደርስ ግን ቆማ ብቻ አታልፍም። የፊት ተሸካሚዎች ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ የኋላዎቹ ትከሻቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ እመቤታችንም ወደ ፊት ዘንበል ብላ እጅ ትነሳለች። የሰማይና የምድር ንግሥት፣ ለአሳማ ነጋዴ። የደብራችን ቄስ አባ ኦሮንዞ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ «መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ነው» ይላሉ። አደባባያችን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው።

ዶን ካታልዶ የላይኛው ሰፈር ቤተሰብ አለቃ ነው። የታችኛው ሰፈር አለቃ ደግሞ ዶን ፋንቲኖ ነው። ሁለቱ አበልጆች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳ፣ ማኅበሩም ከላይ እስከ ታች በእንዲህ ያለ አበልጅነት የተሰፋ ነው። ታዲያ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ለዶን ፋንቲኖ የቀረበለት የፍየል ጥብስ አጥንት በዛበት። በዚህ ምክንያት ብዙ የወይራ ዛፍ በማለዳ ተቆርጦ ተገኘ፣ ብዙ መኪና በራሱ ጊዜ ተቃጠለ፣ አንዳንድ ሰዎችም ሳይታመሙ ሞቱ።

ይህን ጥፋት ያስቆመው የዶን ካታልዶ የወንድም ልጅ ጂልዶ ነው። ጂልዶ ሚላኖ ሄዶ ሥራ አመራር ተምሮ ሲመለስ ጠባብ ሱሪና ሰፊ ዕቅድ ይዞ መጣ። የሁለቱን ሰፈር ሽማግሌዎች ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት! ወቅቱ የሚጠይቀው ተቋማዊ ቅንጅት ነው። ሀብታችንን አቀናጅተን፣ አሠራራችንን አዘምነን፣ በጋራ ራዕይ ወደ ላቀ ምዕራፍ ካልተሸጋገርን ዓለም አቀፍ አጋሮቻችን ጥለውን ይሄዳሉ።»

«ምን አለ?» አለ ዶን ፋንቲኖ።

«አልገባኝም» አለ ዶን ካታልዶ። «ግን ለትምህርቱ ብዙ ስላወጣንበት እንስማው።»

ሁለቱ ቤተሰቦች ተዋሃዱ። በውህደቱ የማንም ክብር እንዳይነካ ሁሉም ሰው የነበረው ማዕረግ ተጠብቆለት አንድ እርከን እንዲያድግ ተወሰነ። የማኅበሩን ማዕረጎች እኔ አልፈጠርኳቸውም፤ ከታች ወደ ላይ ሎሌ፣ ቅዱስ፣ ወንጌል፣ ሩብ፣ ሦስት ሩብ እየተባሉ ይሄዳሉ። በማኅበሩ ሥርዓት መሠረት ላደገ ሁሉ የሊቀ መላእክት ሥዕል መዳፉ ላይ ተቃጠለ፤ ሥዕል ሻጩ ያን ወር አዲስ መኪና ገዛ። የታችኛው ሰፈር ደግሞ «የእነርሱ ሩብ ከእኛ ሩብ ይበልጣል» ብሎ ስላጉረመረመ ማካካሻ ተጨማሪ ዕድገት ተሰጠው፤ ላይኛውም ቅር እንዳይለው እንደገና አደገ። በዚህ ዓይነት ማኅበሩ በታሪኩ ታይቶ የማያውቅ የአመራር ብዛት ላይ ደረሰ።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። ወደቡ ላይ አንድ ሣጥን ዓሣ ደርሶ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰማሁ።

«ቱሪ፣ ሂድና መኪናውን አስነሳ።»

«እኔ? እኔኮ ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስት ሩብ ነኝ!»

«እኔም ሦስት ሩብ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ሩብ ይፈለግ።»

«ሩብ የለም፣ ሁሉም አድጓል።»

«ወንጌልስ?»

«ወንጌል የነበሩት ሁሉ ሩብ ሆኑ፤ ሩብ የሆኑት ደግሞ ትናንት ሦስት ሩብ ሆኑ አልኩህ እኮ።»

«ሎሌም የለም?»

«አንድ ነበር፤ አማካሪ ሆነ።»

ዓሣው ወደቡ ላይ ሸተተ። ከዓሣው ሥር የነበረው ነገር የሚሸት ዓይነት ስላልነበረ ፖሊስ በንጽሕና ተረከበው። ጂልዶ ይህን «በሽግግር ወቅት የሚያጋጥም ጊዜያዊ መንገራገጭ» ብሎ ጠራው፤ ሽማግሌዎቹም ስሙን ሰምተው ተጽናኑ።

አንድ ሰው ሳላስተዋውቅ ማለፍ አልችልም። ማኅበሩ የሚጻፍ ነገር አይወድም፤ የተጻፈ ነገር ፍርድ ቤት ይሄዳልና። ስለዚህ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ሚንጎ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዥ ማለቴ አይደለም፤ ራሱ ሰውየው ነበር ቃለ ጉባኤው። በየስብሰባው ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ የተባለውን ሁሉ፣ ማን እንደ ተናገረና ማን እንዳስነጠሰ ጭምር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያስገባል። ክርክር ሲነሳ «ቃለ ጉባኤው ይጠየቅ!» ይባላል፣ ሚንጎም ተነስቶ ጉሮሮውን ጠርጎ ይለዋል። አንድ ጊዜ ስብሰባ የተላለፈው ቃለ ጉባኤው ጉንፋን ይዞት ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ጉዳዩ የእኔ አንገት ነው።

ዶን ካታልዶ አደባባዩ ላይ ሲኖር ዶን ፋንቲኖ ታች ወንዙ ዳር ነበር የሚኖረው። ውህደቱ የእኩልነት ስለሆነ ለዶን ፋንቲኖ ልክ ከዶን ካታልዶ ቤት ፊት ለፊት፣ በአደባባዩ ማዶ፣ ቤት ተገዛለት። በረንዳው ከዚያኛው በረንዳ ከፍም ዝቅም እንዳይል በገመድ ለክቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው እንዳለቀ አቃቤ ሕጉ ዶክተር ሎካቴሊ፣ ከሰሜን የመጣ ቀጭን ሰው፣ ሁለቱንም የቁም እስረኛ አስደረጋቸው። የቀኝ እግራቸው ላይ መቆጣጠሪያ ታሰረ፤ ከቤት መውጣትና እርስ በርስ መነጋገር ተከለከለ። ስለዚህ እመቤታችን ወደ እነርሱ መሄድ እንጂ እነርሱ ወደ እመቤታችን መሄድ አይችሉም ነበር። ባለ ብዙ ራዕዩ ውህደት ያላሰበው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሐውልት አንድ ፊት ብቻ ነው ያላት። ለአንዱ በረንዳ እጅ ስትነሳ ለሌላው ጀርባዋን ትሰጣለች።

በዓሉ ሲቃረብ ዶን ካታልዶ መስኮት ጥገና ብሎ አስጠራኝ። በነጠላ ጫማ ተቀምጦ በለስ ይልጣል።

«ኒኮዴሞ፣ ይሄ መስኮት ሲዘጋ ይጮኻል።»

«ቅባት ነው የሚፈልገው፣ ዶን ካታልዶ።»

«የሰው ነገር ይሻላል፤ ሰው አንዴ ከተዘጋ አይጮህም።» በለሱን ጎረሰ። «እመቤታችን ዘንድሮ ወዴት ነው የምትዞረው?»

«እንደ ወትሮው ወደ እርስዎ ነዋ!»

«ማዶ ላለውስ ሰው?»

«ከዚያ ደግሞ... ለእሳቸውም ትንሽ...»

«ለእሱ ስትዞር ለእኔ ምኗን ልታሳየኝ ነው?»

 ቀና ብሎ ሲያየኝ «ጀርባዋን» አልኩ።

«አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ያውቃል።»

«ማን ነው እሱ?»

«ስሙ ጠፋኝ። መቃብሩ ላይ ተጽፏል፣ ሂድና አንብበው።»

ከዚያ ቤት ስወጣ ከማዶ በረንዳ ዶን ፋንቲኖ በጣቱ ጠራኝ። ዶን ፋንቲኖ ደግ ሰው ነው፤ ሲስቅ ዕንባው ይመጣል፣ ሲያስፈራራም እንዲሁ። አቅፎ ሳመኝ፣ በበርበሬ የታሸ ቋሊማ በዳቦ አጎረሰኝ።

«ኒኮዴሞ የኔ ወንድም፣ የሬሣ ሣጥን ትሠራለህ አይደል?»

«እሠራለሁ፣ ዶን ፋንቲኖ። ለማን ነው?»

«ገና አልታወቀም። እመቤታችን ስትዞር እናየዋለን። ለመሆኑ የራስህን ቁመት ለክተህ ታውቃለህ?»

እየሳቀ ዕንባውን ጠረገ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሴራፊና ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ነገሩን ስነግራት ቀና እንኳ አላለችም።

«አሞኛል ብዬ እቀራለሁ» አልኳት።

«አሞት የቀረውንኮ እቤቱ ድረስ መጥተው ነው የሚጠይቁት።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ! አንገቱ የኔ ነው።»

«ሬሣውን የማጥበው እኔ፣ ጥቁር ለብሼ የምኖረው እኔ፣ ምን ቸገረሽ ይለኛል ደግሞ!» ባቄላውን ወረወረችብኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እሷም እንደ እኔ ፈርታለች። «ይልቅ እነዚህ ሁለት ደረቆች ተዋህደናል አይደል የሚሉት? ተዋህደው አንድ ቦታ ይቁሙልህና ገላግሉን በላቸው።»

ጉዳዩን ለመመርመር የጋራ ኮሚቴ ተጠራ። አለቆቹ ከቤት ስለማይወጡ ስብሰባው አደባባዩ መሃል፣ በሁለቱ በረንዳዎች እኩል ርቀት ላይ፣ የካርታ ጨዋታ መስሎ ተካሄደ። ጂልዶ ካርታ ያድላል፣ ሚንጎ ዓይኑን ጨፍኖ ይመዘግባል። ሁለቱ አለቆች እንዳይነጋገሩ በሕግ ስለታዘዙና ሕግ አክባሪዎች ስለሆኑ፣ አንዱ በረንዳው ላይ ከሰቀለው ወፉ ጋር ሌላው ከተከለው በሶብላው ጋር ያወራ ነበር። ለወፍና ለበሶብላ መናገርን ሕጉ አይከለክልም።

«አማራጭ አንድ» አለ ጂልዶ፤ «እመቤታችን አደባባዩ መሃል ያለማቋረጥ ትሽከርከር። በዚህም የፊት ገጽታዋ ለሁለቱም ባለድርሻዎች ፍትሐዊ በሆነ መንገድ ይዳረሳል።»

«ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ይዞርባቸዋል» አልኩ እኔ።

«አማራጭ ሁለት፤ ከጎረቤት ከተማ የቅዱስ ሮኮን ሐውልት እንዋሳለን። ባለ ውሻውን።»

«በሶብላዬ ሆይ» አለ ዶን ፋንቲኖ ከላይ፣ «ለእነዚያ የሰማይ ንግሥት፣ ለእኔ ውሻ ነው እንዴ የሚመጣልኝ?»

«ወፌ ሆይ» አለ ዶን ካታልዶ፣ «አንዳንድ ሰው ውሻውም ይበዛበታል።»

«በሶብላዬ ሆይ፣ ጎረቤታችን ወፉን ጠብሼ ሳልበላበት ዝም ቢል ጥሩ ነው በለው!»

«አማራጭ ሦስት!» አለ ጂልዶ ተሽቀዳድሞ፤ «እጅ ስትነሳ ጀርባዋን የሚያየው ወገን ፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት እናቆማለን። በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን ያያል።»

«ወፌ ሆይ፣ እኔ ጠጉሬን ልስተካከል ነው እንዴ የወጣሁት?»

ሁሉም ካርታውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደባብሼ ተነሳሁና የሴራፊናን ሐሳብ የራሴ አስመስዬ ተናገርኩ። ከአደባባዩ ራስጌ የአባ ኦሮንዞ ቤት አለ፤ እሱም በረንዳ አለው። ዳኛው ለበዓሉ ቀን ብቻ ቢፈቅዱ ሁለቱ አባቶች እዚያ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ እመቤታችን አንድ ጊዜ ትዞራለች፣ አንድ ጊዜ እጅ ትነሳለች፣ ጀርባዋ የሚታየው ለሰልፈኛው ብቻ ይሆናል።

ሁለቱም ወደ አባ ኦሮንዞ በረንዳ ዞረው አዩ።

«በሶብላዬ ሆይ» አለ ዶን ፋንቲኖ በመጨረሻ፣ «በስተቀኝ የሚቆመው ማን ነው?»

«መሃል ላይ አባ ኦሮንዞ ይቆማሉ» አልኩ። «እንግዲህ ከበረንዳው ሲያዩት ቀኝ የሆነው ከአደባባዩ ሲያዩት ግራ ነው።»

ይህ ነገር ለሁለቱም እኩል አልገባቸውምና ተስማሙ። ጂልዶ «የጋራ የበረንዳ ማዕቀፍ» ብሎ ሰየመው።

አለቆቹ ይህን ያህል ከተዋረዱልን በኋላ ታች ያለው ሰው ደግሞ በተራው መብቱን ጠየቀ። በረንዳው ላይ ከማኅበሩ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚቆም፣ የቀረው ሁሉ ከሐውልቷ ኋላ የሚሄድበት ቅደም ተከተል በማዕረግ መሆን አለበት ተባለ። ማን ከማን ቀጥሎ? የላይኛው ሦስት ሩብ ከታችኛው ሦስት ሩብ ይቀድማል? በጀርመን ያለው ቅርንጫፍ ተወካይ ከአውስትራሊያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከናፖሊ የሚመጡት የክብር እንግዶችስ? ከማዕረግ ማዕረግ፣ ከጋብቻ ጋብቻ እየተመዘነ፣ ሁለት ጊዜ ሽጉጥ እየተመዘዘና አንዴ ጥርስ እየወለቀ፣ የሁሉም ቦታ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ተወስኖ ሚንጎ ራስ ውስጥ ገባ። እኔ የለመንኩት እንዳትገፋፉ ብቻ ነበር።

የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ ሻምበል ብሩሳፌሮ በበኩሉ አንድ ሕመም ነበረበት። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ሰሌዳውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ፎቶዎች ይለጥፍበታል፣ በቀይ ክር ያያይዛቸዋል፣ ከዚያ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። ያገኘውን ሰው ሁሉ «ማን ነው ከማን በላይ?» ይላል፤ ያገኘው ሰውም ሁሉ ትከሻውን ይነቀንቃል። ለበዓሉ ፈቃድ የተጠየቀ ዕለት ታዲያ አቃቤ ሕጉ ሎካቴሊ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ተስማማ፣ ዳኛውም ፈረሙ። ጂልዶ ይህን የመልካም ግንኙነት ፍሬ ነው አለ።

በዓሉ ደረሰ። ሙዚቀኞቹ ነፉ፣ ርችት ተተኮሰ፣ እኔም ደወሉን መታሁ። ከሐውልቷ ኋላ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ዕድለኛ ነው። ከፊት ጂልዶ፣ ከዚያ ሦስት ሩቦች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከዚያ ቅርንጫፎች፣ ከዚያ የክብር እንግዶች፣ በስተመጨረሻ በዚያ ሳምንት ብቻ ከጎረቤት ከተማ የተቀጠሩ ጥቂት ሎሌዎች፤ ሰልፍ ያለ ጅራት አያምርምና። ሻምበል ብሩሳፌሮ የደወል ማማው ላይ ወጥቶ በትልቅ ካሜራ ያነሳል።

ጂልዶ ሰልፉን ለአፍታ አስቁሞ ወደ ላይ ጮኸ፦ «ሻምበል! የሁሉም ሰው ፊት ይታያል?»

«እነዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ባርኔጣቸውን ቢያወልቁ!»

አወለቁ። አንዳንዶቹ ጸጉራቸውን ሁሉ አበጠሩ።

ከአባ ኦሮንዞ በረንዳ ሥር ስንደርስ ደወሉን መታሁ። የፊቶቹ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ እመቤታችን ዘንበል አለች። ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች በቄሱ ግራና ቀኝ፣ ፀሐዩ ስለከበዳቸው ዶን ፋንቲኖ የአባ ኦሮንዞን ጃንጥላ ዘርግቶ ለሦስቱም ይዞ፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሴራፊናም ከሕዝቡ መሃል አለቀሰች፤ እሷ ግን በሕይወት ስላለሁ ነበር። አንገቴን ነካሁት፣ በቦታው ነበረ፤ ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ!

ሻምበሉ ማማው ላይ ሆኖ አጨበጨበ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁሉንም በየቤታቸው፣ በየማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ለቀማቸው።

ችሎቱ ውስጥ ተከሳሾቹ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀመጡ። ዋናው ማስረጃ የተባለው ያ ከማማው ላይ የተነሳ ፎቶ ነበር፤ ግድግዳ አክሎ ተሰቅሏል። ከሮማ የመጣው ዝነኛ ጠበቃ ግን ሊያፈርሰው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ክቡራን ዳኞች! ይህ የሃይማኖት በዓል ነው። እነዚህ ድሆች ምእመናን ናቸው። ማኅበር የሚባል የለም፣ ማዕረግ የሚባል የለም። ቀድሞ የመጣ ከፊት ቆመ፣ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ፤ እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ!»

ዳኞቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶች በደስታ መቁጠሪያቸውን ሳሙ። እኔም ከተመልካቹ መሃል ሆኜ፣ ነጻ ወጥተው የሚመጡ ሰዎች የበረንዳውን ሐሳብ ያመጣው ማን ነበር ብለው ቢጠይቁስ ብዬ አንገቴን መዳበስ ጀመርኩ።

አቃቤ ሕግ ሎካቴሊ በዝግታ ተነሳ።

«ይቅርታ፣ አልገባኝ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ቱሪ የሚባለው ሰው፣ ጅራቱ ላይ ካሉት ልጆች ጋር ቦታ ቢቀያየር ልዩነት የለውም?»

«ምንም ልዩነት የለውም!» አለ ጠበቃው።

«ከነማን ጋር?» የሚል ድምፅ ከፍርግርጉ ውስጥ ተሰማ። ቱሪ ነበር።

«ዝም በል!» አለው ጠበቃው።

«ይህ ከፊት ያለው ወጣትም» አለ ሎካቴሊ፣ «ጂልዶ ይመስለኛል፣ ሻማ እንዲይዝ የተላከ ልጅ ነው?»

«ይቅርታ!» ጂልዶ ብድግ አለ። «የተቋማዊ ቅንጅት ዋና ኃላፊን ሻማ ያዥ ማለት... ይህ መዋቅርን አለመረዳት ነው!»

«ዋና ኃላፊ ማን አደረገህ?» ብሎ ቱሪ ከኋላው ጮኸ። «ረዳት ነህ!»

ጠበቃው ካባውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

ሎካቴሊ በጣቱ ወደ በረንዳው አመለከተ። «እሺ፣ እሱን እንተወው። እኚህ ዶን ካታልዶ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አጠገባቸው ጃንጥላ የያዘላቸው አሽከር ማን ይባላል?»

ፍርግርጉ ተናወጠ። ዶን ፋንቲኖ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዕንባው እየወረደ፦

«አሽከር?! እኔ?! የዚህ አሳማ ነጋዴ? ግማሹ የኔ ነው! ወደቡ የኔ ነው! ጀርመን የኔ ነው! እኩል ነን፣ በገመድ ተለክቷል!»

«እኩል?» አለ ዶን ካታልዶ ሳይነሳ። «በማን ቤት ነው እኩልነቱ? የመጨረሻው ድምፅ የኔ ነው። ቃለ ጉባኤው ይጠየቅ!»

«ይጠየቅ!» አለ ዶን ፋንቲኖ።

«ይጠየቅ!» አለ ፍርግርጉ በሙሉ በአንድ ድምፅ፤ ከውህደቱ ወዲህ ሁሉም ያለ ክርክር የተስማሙበት የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነበር።

ሚንጎ ፍርግርጉ ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «በእመቤታችን ስም» ብሎ ጀመረ። የተገኙ አባላትን በየማዕረጋቸው ጠራ፤ በጥርስ ሕመም ምክንያት ይቅርታ ጠይቆ የቀረውን አነሳ። ማን ለማን እንደሚታዘዝ፣ የትኛው ቅርንጫፍ የት እንዳለ፣ የናፖሊ እንግዶች ለምን እንደመጡና ምን ተካፍለው እንደሄዱ፣ የዓሣው ሣጥን ሥር ምን እንደነበረ፣ ሳይታመሙ የሞቱት ሰዎች ሞት በማን አቅራቢነት፣ በማን ድጋፍ፣ በስንት ድምፀ ተአቅቦ እንደጸደቀ አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

«ቀስ ይበሉ እባክዎ» አሉ የመሃል ዳኛው፣ «ጸሐፊዋ ጽፋ አልደረሰችም።»

ሚንጎ ጸሐፊዋን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር አንድም ሰው ጽፎለት አያውቅም። «ከየት ልድገምልሽ ልጄ?» አላት።

ሲጨርስ ዳኛው ወደ ፍርግርጉ ዞረው፣ «በቃለ ጉባኤው ላይ ማስተካከያ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። ብዙ እጅ ወጣ። ቱሪ ከሁለተኛው ረድፍ የቀኙ እንጂ የግራው አለመሆኑ እንዲታረምለት ጠይቆ ታረመለት።

ማኅበሩ የሌለ መሆኑ በዚህ ሁኔታ ተረጋግጦ ሁሉም ረጅም ረጅም ዓመት ተፈረደባቸው። ከተማችን ነጻ ወጣች። ዓሣው ወደቡ ላይ ዓሣ ብቻ ሆነ፣ የወይራ ዛፎችም እንደ ቆሙ አነጉ። አባ ኦሮንዞ «ዘንድሮ አደባባዩ ለጥ ያለ ነው» ብለው ሰበኩ። እኔና ሴራፊናም ደህና እንቅልፍ ተኛን።

ከወንጀለኛ የተወረሰ ቤት ለሕዝብ ጥቅም ይውላል፤ ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። በዚሁ መሠረት የዶን ካታልዶ ቤት «የሕግ የበላይነት ቤት» ተብሎ ለአቃቤ ሕጉ ተሰጠ፤ የፊት ለፊቱ የዶን ፋንቲኖ ቤት ደግሞ የፖሊስ ጣቢያ ሆነ። ሁለቱም የሚመረቁት በነሐሴው በዓል ቀን ነው።

ትናንት ዶክተር ሎካቴሊ ለመስኮት ጥገና አስጠራኝ።

«ኒኮዴሞ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር እንደማልወድ ታውቃለህ» አለኝ። «ድሮ የነበረው ውርደት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ እመቤታችን ለሕግ ክብር ስትሰጥ ቢያይ ትምህርት አይሆነውም? ለእኔ አይደለም፤ ለተቋሙ ነው። ባለፈው ጊዜ እንዴት ነበር የምታዘነብሏት?»

ስወጣ ከማዶ በረንዳ ሻምበል ብሩሳፌሮ በጣቱ ጠራኝ።

«ኒኮዴሞ፣ ያንን ፎቶ ያነሳው ማን ነበር?»

«እርስዎ ነበሩ፣ ሻምበል።»

«ጥሩ። የግንባታ ፈቃድህ ጊዜው አላለፈም አይደል? እስቲ ንገረኝ፣ ዘንድሮ ሐውልቷ ጀርባዋን ወደ ማን ነው የምታዞረው?»

አደባባዩ መሃል፣ በሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ቆምኩ። አንገቴን ነካሁት፤ አሁንም በቦታው አለ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ለሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ እጅ ነስቼ፣ የአባ ኦሮንዞ በረንዳ ባዶ መሆኑን ነገርኳቸው።

ከወዲያ ሎካቴሊ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በስተቀኝ የሚቆመው ማን ነው?»